ወንበር ሲቀነስ የቀን ገቢም ይቀነስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጇ የእኔ አይደለችም። ማታ ማታ ለባለቤቷ ገቢ አስገባለሁ፤ ከቤንዚንና ከጥቃቅን ጥገና የተረፈው የእኔ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው እንዲህ ነው።

የምጽፈው ስለ ኮሮና ጊዜ ነው። አልፏል ተብሎ ተረስቷል። እኔ ግን ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ያው ነገር እንዳይደገም እሰጋለሁ።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የወጣው ደንብ አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ። አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አደረገ። የኪራዩ ነገር እኔንም ጠቅሞኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የሥራው ግን እኛ ጋ አልደረሰም። እኛን የቀጠረን የለም፤ ማን እንዳያሰናብተን ይከልከል? አዲስ አበባ በስልክ መተግበሪያ የሚሠሩት ሹፌሮችም ሆኑ በሞተር ዕቃ የሚያደርሱት ልጆች ያው ናቸው፤ ቀጣሪ የሌላቸው፣ በግላቸው የሚሠሩ ተብለው ነው የሚቆጠሩት።

ያው ደንብ የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ ይጫን አለ። ለበሽታው ተገቢ ነበር፤ አልከራከርም። ግን ባጃጅ ከኋላ የምትይዘው ሦስት ሰው ነው። ግማሹ በተግባር አንድ ሰው ሆነ። ታሪፉ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚመጣው የሁለት ሰው ሒሳብ ነው። እሱም ሰው ሲገኝ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ተመልሷል። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር የሚዝናናው እንግዳ ቀርቷል። ከጀርባዬ ላስቲክ ወጥሬ፣ የሳኒታይዘር ጠርሙስ በሽቦ አስሬ ፒያሳ ላይ እቆማለሁ። ሳኒታይዘሩም የሚገዛው ከኪሴ ነው።

ማታ ስልክ ይደወላል። «ገቢው እንዴት ሆነ?» ባለቤቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ ባጃጇን የገዙት በብድር ነው። «ልጄ፣ እኔስ ለባንኩ ከየት ላምጣ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። የሹፌሮች እቁባችንም የፈረሰው ያኔ ነው። ገና ዕጣ ያልደረሳቸው ጓደኞቼ በጣም ተጎዱ።

በዚያ ወቅት ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች፣ ለተበዳሪዎቻቸው ፋታ እንዲሰጡበት፣ 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። ከዚያ ፋታ ትንሿ እንኳ እሳቸው ጋ ደርሳ ቢሆን ለእኔም በተረፈች ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሚጫነውን ሰው የሚቀንስ መመሪያ ሲወጣ ለባለቤቱ የምናስገባው የቀን ገቢም በዚያው ልክ እንዲቀንስ አብሮ ይጻፍ። ባጃጅ በብድር ለገዛ ሰውም የእነዚያ ወራት ክፍያ ይራዘምለት። ካልሆነ ሸክሙን ከእኔ አንስቶ እሳቸው ላይ መጫን ይሆናል። ሹፌሮቹን አናውቃቸውም አይባልም። እያንዳንዷ ባጃጅ ታርጋ አላት፣ የጎን ቁጥር አላት፣ ማኅበር አላት። ስናጠፋ የምንቀጣው በዚያው ቁጥር ነው፤ ችግር ሲመጣም በእሱ ሊያገኙን ይችላሉ።

የከተማችን የትራንስፖርት ኃላፊዎችና የባጃጅ ማኅበራት አመራሮች በዚህ ላይ ያላቸውን ሐሳብ በጋዜጣችሁ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ሰው ጤና ሆኖ፣ ረጋ ብሎ መነጋገር የሚቻለው አሁን ነው።

የባጃጅ ሹፌር፣ ከሐዋሳ