ስለ አባትሽ ምግብ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በደወልሽ ቁጥር «እጁ ተንቀሳቀሰ ወይ?» ትይኛለሽ። እጁ ቀስ እያለ ነው። አሁን እኔን የያዘኝ የምግቡ ነገር ነው።

አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ ጊዜ ጉሮሮውም አብሮ ደከመ። ሆስፒታል እያለ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነበር የሚመገበው። ምን ያህል እንደከሳ በቪዲዮ አይታይሽም፤ ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚቀርብልሽ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ላይ ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይበላል። ታዲያ እጁን የሚያንቀሳቅስለት ፊዚዮቴራፒስት ምኑን ያጠንክረው?

በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ተነግሮኛል። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ቢያንስ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው፤ አስቢው እንግዲህ! ስለዚህ እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ዓሳውም፣ ምስሩም፣ ሽሮውም ይገባል። ትንሽ ትንሽ፣ ግን በቀን ደጋግሜ። ጨው ቀንሻለሁ፤ ይህን ሁሉ ያመጣብን ግፊቱ ነው። «ወጥሽ አይጥምም» ብሎ ያኮርፋል። ያኩርፍ። ጾሙንም አልተውም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። የንስሐ አባቱ መጥተው ተቆጡት፣ አሁን ይበላል።

የምፈራው ትን እንዳይለው ነው። አንቺ ጠጣር ምግብ ይመስልሻል፤ እሱን የሚያስቸግረው ውሃ ነው። ቀጭን ነገር ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ሹልክ ይልና ሳንባው ይገባል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ነው። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ጁስ አንጠልጥሎ ይመጣል! «ጠጣ፣ ጠጣ» ሲሉት እኔ ነፍሴ ትወጣለች። ወፈር ያለ አጥሚትና እርጎ ይስማማዋል። ሳጎርሰውም ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ ነው።

የቫይታሚን ካርቶን አትላኪ። ሐኪሙ አላዘዘም፤ በዚያ ገንዘብ ወተትና ሥጋ እገዛበታለሁ። መላክ ካማረሽ የግፊት መለኪያ ላኪ፣ የኛው ተበላሽቷል።

እሑድ ስትደውዪ ምሳ ላይ አታናግሪው። እያወራ ሲውጥ ነው ትን የሚለው። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት አይፈቀድለትም፤ ተቀምጦ ይሰለቸዋል፣ ያኔ ደውዪለት።

እናትሽ