የትሮይ ጦርነት በአራት ገጽ ማጠቃለያ አይጠናም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለፈተና የምታጠናውን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። ወረቀቱ አራት ገጽ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ከመደጋገሙ የተነሣ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ፊደላት ጠፍተዋል። ርእሱ «የሆሜር ኢሊያድ» ይላል፤ ኢሊያድ ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የደረሰው ረጅም ግጥም ነው። ከሥሩም የትሮይ ልዑል ፓሪስ የግሪካዊውን ንጉሥ ሚስት ሄሌንን ይዞ ከሄደበት ጊዜ አንሥቶ በእንጨት ፈረስ ሆድ ውስጥ የተደበቁት ግሪኮች ትሮይን እስካቃጠሉባት ሌሊት ድረስ ያለው ነገር በተርታ ተጽፏል፤ «ኢሊያድ በምን ይጠናቀቃል?» ለሚለው ጥያቄም «በእንጨት ፈረስ» የሚል መልስ ተሰጥቷል። ለረጅም ዓመታት እዚሁ ጎንደር ሥነ ጽሑፍ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ይህን አይቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ፈረሱ በኢሊያድ ውስጥ የለም። በ24 መጻሕፍት የተከፈለውና ከ15,000 በላይ ስንኞች ያሉት ይህ ግጥም፣ አሥር ዓመት ከፈጀው ጦርነት ውስጥ የሚተርከው በመጨረሻው ዓመት ያለፉትን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ በግሪኩ ጀግና በአኪሊስ ቁጣ ተጀምሮ በትሮዩ ልዑል በሄክቶር ቀብር ያበቃል። የፈረሱ ነገር በሆሜር ሌላው ግጥም በኦዲሲ ውስጥ ዴሞዶከስ የተባለው ዐይነ ሥውር አዝማሪ ሲያዜመው ይነሣል፤ ዜማውን የጠየቀውም፣ ሰምቶም ባሏ በጦርነት ወድቆባት ሬሳው ላይ እንደተደፋች ሴት የሚያለቅሰው፣ ፈረሱን ይዞ ከተማዪቱን ያስያዘው የግሪኩ ጀግና ኦዲስዩስ ራሱ ነው። በዝርዝር የምናነበው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሮማዊው ቨርጂል በጻፈው በኤኒይድ 2ኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ በዚያ ተራኪው አገሩ የተቃጠለችበት የትሮይ ሰው ኤኒያስ ነው። አንዱ ፈረስ በአሸናፊውም በተሸናፊውም ወገን እንዴት እንደሚለቀስበት ማየት የዚህ ጥናት ዋና ፍሬ ነው፤ አራቱ ገጾች ይህን ሁሉ አንድ ላይ አፍስሰው ለሆሜር ሰጥተውታል።

ከስሕተቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የተዘለለው ነው። ወረቀቱ «ፕሪያም የልጁን አስከሬን ተረከበ» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው የኢሊያድን 24ኛ መጽሐፍ ነው። እኔ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ካለው የእንግሊዝኛ ቅጂ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ለልጅቱ አነበብሁላት። አኪሊስ፣ ወዳጁን ፓትሮክለስን የገደለውን ሄክቶርን ገድሎ፣ ሬሳውን ከሠረገላው ኋላ አስሮ እየጎተተ ሰንብቷል። ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም፣ የሄክቶር አባት፣ በሌሊት፣ መቤዣውን በጋሪ አስጭኖ፣ ከአንድ አዛውንት አገልጋይ ጋር ወደ ጠላት ሰፈር ይገባል፤ የአኪሊስን ጉልበት ይዞ ልጆቹን የፈጁበትን እጆች ይስማል። ልመናውንም የሚጀምረው «አባትህን አስብ» በማለት ነው። ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ስለ ልጁ፣ ሌላው ስለ አባቱና ስለ ወዳጁ። ልቅሶው ሲበርድ አኪሊስ ነጭ በግ ያርዳል፤ ፕሪያም እህል እንዲቀምስም፣ አሥራ ሁለት ልጆች የሞቱባት ኒዮቤ እንኳ በመጨረሻ ምግብ መቅመሷን እያነሣ ይለምነዋል። በእኛ ለቅሶ ቤት ጎረቤት ሐዘንተኛውን «እባክህ ትንሽ ቅመስ» እያለ የሚለምነው ልመና ነው። ለሐዘኑም ዘጠኝ ቀን፣ በዐሥረኛው ለቀብር፣ በዐሥራ አንደኛው ለመቃብሩ መሥሪያ ቀን ይሰጠዋል፤ ግድ ከሆነ በዐሥራ ሁለተኛው ይዋጋሉ።

እዚህ ላይ ልጅቱ አቋርጣ፣ «ጋሼ፣ ሬሳው ባይመለስላቸው ኖሮ እርማቸውን በምን ያወጡ ነበር?» አለችኝ። ብዙ ዓመት ሳስተምር ስለ ኢሊያድ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የሰማሁ አይመስለኝም። ልጆቻችን ይህን ግጥም የሚረዱበት ዕውቀት ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ የሟችን ወገን የሚማጠነው የገዳይ ወገን እንደሆነ፣ ደምም በዚያ መንገድ እንደሚደርቅ የሚያውቅ ተማሪ፣ የሟች አባት ራሱ ወደ ገዳዩ ድንኳን መሄዱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በ18ኛው መጽሐፍ፣ በአኪሊስ ጋሻ ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች አንዱ፣ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሟች የደም ካሳ ሲከራከሩ፣ ሽማግሌዎችም በተጠረበ ድንጋይ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሲዳኙ የሚያሳይ ነው። የጎንደር ገጠር ልጅ ይህን በዐይኑ ያየዋል።

ስለ ሜምኖንም አንድ ነገር ልጨምር። ሜምኖን የጎህ እንስት አምላክ ልጅ፣ ከሄክቶር ሞት በኋላ ለትሮይ ሊደርስ የመጣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ የግሪኩን ሽማግሌ ንጉሥ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎከስን ገድሎ በአኪሊስ እጅ ወደቀ። ስሙ ሲነሣ የእኛ ንጉሥ ነበር ለማለት የሚቸኩሉ አሉ፤ ነገር ግን የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ በአብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ማለታቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ሜምኖንን ከምሥራቅ፣ ከፋርስ ከተማ ከሱሳ ያመጡታል። ስለዚህ እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ድርሰት ሊጠና ይገባል። ታሪኩን በሰፊው የተረከው «ኤቲዮፒስ» የተባለው ግጥም ጠፍቶ ከጥቂት ስንኞች በቀር የቀረው ማጠቃለያው ብቻ ነው። ከማጠቃለያው እናቱ ለልጇ ከአማልክት አለቃ ከዜውስ የማይሞት ሕይወት እንዳሰጠችው እናውቃለን፤ በምን ቃል እንደለመነች ግን ጠፍቶ ቀርቷል። በኋላ ሮማዊው ኦቪድ እንባዋ በየማለዳው ጤዛ ሆኖ እንደሚወርድ ጻፈ። ማጠቃለያ ምን እንደሚያስቀር ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለኝም፤ ኤቲዮፒስን ያጠፋው ዘመን ነው፣ ኢሊያድን ግን በእጃችን ይዘን እኛው ለልጆቻችን እናጠፋዋለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በከተማችን ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ይህ ወረቀት በእጃችሁ ካለ የእንጨት ፈረሱን መልስ አርሙ፤ በማጠቃለያውም ፈንታ የፕሪያምን ልመና በክፍል ውስጥ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ጋዜጣውም በሥነ ጽሑፍ ዐምዱ ይህን ክፍል ተርጉመን ለምንልክ ሰዎች ጥቂት ቦታ ይፍቀድልን፤ እኔ የሄክቶር ሚስት፣ እናቱና ሄሌን በየተራ ያወረዱትን ሙሾ መተርጎም ጀምሬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ጎንደር