ጎማና ዶማ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታውን እንኳን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። ከተገናኘን ሦስት ዓመት ተኩል ሆነን። መጀመሪያ ወሩን እቆጥር ነበር። ኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ስልክ ማንሳቱ ይበልጥ አቃተኝ። አንቺ ደውለሻል፣ መልእክት ልከሻል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገርሽ።

የመጨረሻ የተገናኘንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለሽ ኳስ ስታንከባልዪለት ቆየሽ። ልትሄጂ ስትይ በሩ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «እህቴ፣ ጆሮውን አስመርምሪው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ወንድ ልጅ አይደል፣ ወንድ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አልኩሽ። ፊቴን አጥቁሬ ነው የሸኘሁሽ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። በአንቺ ተናድጄ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ብቻዬን የማስበውን ነገር አፍ አውጥተሽ ስለተናገርሽው ነው።

ያኔ ስምንት ቃል ነበረው። ቆጥሬአቸዋለሁ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከ50 ያነሰ ቃል ካለው፣ ወይም «እማዬ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል ማያያዝ ካልጀመረ፣ ባለሙያ ቢያየው እንደሚመከር ያወቅኩት በኋላ ነው። እርግጥ ዘግይተው ከሚጀምሩት ብዙዎቹ በራሳቸው ይደርሳሉ። ግን የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው ወደኋላ እንደሚቀር በዚያ ዕድሜ መለየት ከባድ ነው። እኔ የኔው ከሚደርሱት ነው ብዬ ለራሴ ወሰንኩ።

ሁሉም የየራሱን አለኝ። «ምላሱ ታስሯል፣ ይቆረጥለት» ያለኝ አለ። የምላስ መታሰር አንዳንድ ድምፅ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ቃል አያሳጣም። ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ተምታታበት ያለኝም አለ። ይሄም ልክ አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር አያመጣም። አንድ ሐኪም ደግሞ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው «ያወራል፣ ጠብቂ» ብሎ መለሰን። መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ስለነበር አመስግኜው ወጣሁ።

አንቺ ያልሽውን ያደረግኩት ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው ነው። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። በሁለቱም ጆሮ። በትንንሽ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነገር ነው አሉኝ፤ ሕመም ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም። እስቲ ሁለቱን ጆሮሽን በጣትሽ ድፈኚና ሰው ሲያወራ ስሚ። ድምፁ ይመጣል። ግን «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» ተውጠው ይቀራሉ። ስሙን ስጠራው ዞር ይል ስለነበር ይሰማል ብዬ ደምድሜ ነበር። የሚሰማው ድምፁን እንጂ ቃሉን አልነበረም።

ጆሮው ታከመ። ንግግሩ ግን አብሮ አልተስተካከለም። ስለዚህ ወደ ስፒች ቴራፒ፣ ወደ ንግግር ሕክምና ማለት ነው፣ ላኩን።

ስፒች ቴራፒ ሲባል ልጁን መስታወት ፊት አቁሞ «አ በል፣ ኦ በል» ማለት ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ባለሙያዋ መሬት ቁጭ አለችና የሳሙና አረፋ ነፋችለት። ዘለለ፣ አረፋውን አሳደደ። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘግታ ዕቃውን እጁ ላይ አኖረችለት። ዝም አለች። አገላበጠው፣ አቃተው። ወደኔ አየ። ልከፍትለት እጄን ስዘረጋ በዓይኗ አቆመችኝ። ያ ዝምታ እንዴት እንደረዘመብኝ! በመጨረሻ ዕቃውን ወደ ፊቷ አስጠግቶ «ፈ» አለ። «ክፈቺው! ክፈቺው!» ብላ ወዲያው ከፈተችለት። አንዲት «ፈ» ናት። ግን ከሰው ነገር ለመጠየቅ ብሎ ያወጣት ናት።

ስንወጣ «አንድ ነገር ከጠየቅሽው በኋላ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ» አለችኝ። ቤት ሄጄ ሞከርኩት። ሁለት ሳልደርስ እኔው እመልስለታለሁ። አባቱም እንደዚያው። ጥያቄውንም መልሱንም እኛ ስንጨርሰው ልጁ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። በዚህ ራሴን በጣም ስወቅስ አይታ፣ ችግሩን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም አለችኝ። ከ100 ልጆች 7 ያህሉ እኮ ጆሯቸውም ደህና ሆኖ፣ ሌላ የታወቀ ምክንያት ሳይኖር ቋንቋ ይከብዳቸዋል። ወላጅ በማስተማር ጉድለት የሚያመጣው አይደለም። መርዳት ግን ይችላል።

ሌላው የከለከለችኝ «በል» የምትለዋን ቃል ነው። ስንት ጊዜ ነው ሰው ፊት «ኳስ በል እስቲ፣ በል» ብዬ ያስጨነቅኩት! አሁን «ኳስ» ሲል እኔ «ኳሱ ወረደ» እላለሁ። «ወረደ» ሲል «ከደረጃው ወረደ» እላለሁ። እሱ ካለው ላይ ትንሽ መጨመር ብቻ ነው። ድገመው አልለውም። ስልኩንም ቀነስንለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ለሆነው ልጅ ስክሪን ባይኖር፣ ከሁለት እስከ አራት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይላል። እኛ ቤት ከዚያ በብዙ ያልፍ ነበር።

አራት ዓመት ሲያልፈው ቃሉ በዛ። ግን ከቤት ሰው በቀር የሚረዳው አልነበረም። «ገ»ን «ደ»፣ «ከ»ን «ተ» ይላል። ምላሱ ከኋላ መነሳት ሲገባው ከፊት ይነሳል። ብዙ ትንንሽ ልጆች እንዲህ ይላሉ፤ አራት ዓመት ገደማ ሲደርሱ አብዛኞቹ ይተዉታል። የኔው አልተወውም።

አንድ ቀን ባለሙያዋ ሁለት ሥዕል አመጣች። አንዱ ጎማ፣ አንዱ ዶማ። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጎማ የጎደለው የወረቀት መኪና። «የሚያስፈልገውን ንገረኝ» አለችው። «ዶማ» አለ። ዶማውን ሰጠችው። ግራ ገባው። «አይ፣ ዶማ!» አለ። እሷም ኮስተር ብላ ዶማውን መኪናው ላይ ልትገጥም ሞከረች። ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቀላ። «ዶማ አይደለም! ዶማ!» አየሽው? ጆሮው ልዩነቱን ያውቀዋል። አፉ ነው ያልታዘዘለት። ተሳስተሃል ያለው ሰው የለም፤ ያለው ነገር የፈለገውን ነገር እንዳላመጣለት ራሱ አየ።

ያ ጨዋታ ሳምንታት ፈጀ። አንድ ቀን ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው «ግ… ግ…» ሲል ቆየና «ጎማ» አለ። ሥዕሉን ተቀብሎ መኪናው ላይ ሲያደርገው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤት ስንገባ ደግሞ ያገኘውን «ደ» ሁሉ «ገ» ማድረግ ጀመረ። ደረጃው «ገረጃ» ሆነ። ደንግጬ ስነግራት ደስ አላት፤ አዲስ ድምፅ የያዘ ልጅ ባልሆነ ቦታ ሁሉ ይሞክረዋል፣ ይስተካከላል አለች። ተስተካከለም።

ንባብ ላይ ገና ከአሁኑ የጀመርነው በእሷ ምክር ነው። በንግግር የዘገየ ልጅ ንባብ ላይም ሊቸገር ስለሚችል ትምህርት ቤት እስኪነግረን መጠበቅ የለብንም አለች። እኔ ፊደል የቻለ መስሎኝ ነበር። «ሀ ሁ ሂ»ን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይወርደዋል። መሃል ላይ «ሙ»ን ለይቼ ሳሳየው ግን ዝም። ከ«መ» ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀውም ነበር። 33ቱ በሰባት በሰባት ሲሄዱ 231 ናቸው፤ ለአንድ ልጅ ብዙ ነው።

ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት ወደ ጆሮው ተመለስን። ቃል እያነሳን እናጨበጭባለን። «መ-ኪ-ና»፣ ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። የኛ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጭብጨባውና ፊደሉ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። «በር» ስንል አንዴ ብቻ አጨበጨበ። ከዚያ ወረቀቱን አየና «እማዬ፣ ሁለት ናቸው እኮ!» አለኝ። «ር» ብቻዋን ጭብጨባ እንደሌላት፣ ከ«በ» ጋር ተጠግታ እንደምትኖር ያን ቀን በራሱ አገኘው። ሰሞኑን ደግሞ «አለ» የሚል ቃል ላይ ቆሞ ቀረ። «ልጁ አለ፣ ነው ወይስ ልጁ እንዲህ አለ?» ፊደሉ መጥበቅና መላላቱን አይነግረውም። መልሱን ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው ቃልና ወሬ ያልጠገበ ልጅ ፊደል ብቻ ቢያውቅ የማይበቃው።

ማታ ማታ መጽሐፍ እናያለን። ድሮ እኔ አነብ ነበር፤ እሱ ያዳምጣል። አሁን ሥዕሉን እሱ ይነግረኛል፤ እኔ «ከዚያስ?» እላለሁ። ግሮቨር ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ ፈትነውት ነበር። ወላጆቹ የንባባቸውን ልማድ እንዲህ የቀየሩላቸው ልጆች በአንድ ወር ውስጥ፣ እንደወትሮው ከሚነበብላቸው ልጆች በንግግር በልጠው ተገኙ። ያነበቡት መጠን ያው ሆኖ ማለት ነው። የተለየው የሚያወራው ሰው ነው።

አሁን ስድስት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። «ረ» አሁንም አልቀናችለትም። ሲቸኩል ቃል ይዘላል። ታሪክ ሲነግርሽ ከመሃሉ ይጀምራል። ቴራፒውንም አልጨረስንም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንድ ቃል አልወጣውም፤ እጇን እየጎተተ ነው የሚፈልገውን የሚያሳያት። ብዙ አቅማምቼ «ጆሮውን አስመርምሪው» አልኳት። «ወንድ አይደል፣ ይደርሳል» አለችኝና ልጇን አንስታ ሄደች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የኔው ፊት ነው። ያኔ ከኔ ቤት እንዴት ሆነሽ እንደሄድሽ ገና ያን ቀን ገባኝ። ስለምትወጂኝ ያደረግሽውን በዝምታ መለስኩልሽ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።

ስልኬ ያው ነው። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት ነን። ስልክ ማንሳት ስለሚወድ የሚያነሳው እሱ ነው። መጀመሪያ ዝም ሊልሽ ይችላል። አትዝጊው፤ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልሽም አትደጋግሚበት። እስከ አምስት ቁጠሪለት።