የጨው ፋታ፦ የዚክር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ ሲባል ዕቅድ፣ ክንውን፣ ያጋጠመ ችግር፣ የተወሰደ መፍትሔ ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አምና ለሒሳብ ክበብ እንደዚያ ጽፌ ነበር። አንድም ተማሪ እንዳላነበበው የመጽሔቱ አዘጋጆች ራሳቸው ነግረውኛል። ዘንድሮ ደግሞ ክንውኑና ችግሩ ተደባልቀውብኛል። ስለዚህ እንደሆነው ላውራው።

የዚክር ክበቡ፣ ማለትም አላህን ማስታወስን የምንለማመድበት ክበብ፣ የተመሠረተው ጥቅምት ላይ ነው። ሐሳቡ የኔ አልነበረም፤ የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው ይዘውት የመጡት። "ቲቸር፣ እንሰግዳለን፣ ቁርኣን እንቀራለን። ጫማችንን አድርገን ከመስገጃው ክፍል ስንወጣ ግን ሁሉም እዚያው ይቀራል" አለችኝ አንዷ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዲን ወደሚያስተምሩት ኡስታዛችን ላክኋቸው። ኡስታዝም "የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ ልጆቹን የምትይዘው ግን አንተ ነህ" ብለው መልሰው ላኩብኝ። 41 ልጆች ተመዘገቡ። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከትምህርት በኋላ የአስር ሶላት እስኪሰገድ ሆነ።

ለሒሳብ አስተማሪ ክበብ ስጡት፣ መቁጠር ይጀምራል። እኔም ጀመርኩ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት ሱቆች በጣት የሚጠለቅ ዲጂታል ተስቢህ፣ ማለትም የዚክር መቁጠሪያ ቀለበት፣ ገዛን፤ 20 ፍሬ። ቁልፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠቅ ይላል፣ በትንሿ መስኮት ላይ ቁጥሩ አንድ ይጨምራል። ሁለት ሁለት ልጆች በፈረቃ ይይዙታል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ለጠፍኩ። ስም፣ ሳምንት፣ ድምር። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በሳምንት 11,400 አስመዘገበ። አስጨበጨብኩለት።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ የገዛ ክፍሌ ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ከኋላ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ዞር አልኩ። ያው ልጅ ነው። ማስቲካ ያኝካል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ማታው ጨዋታ ያወራል፣ እጁ ደግሞ ዴስኩ ሥር ለብቻው ሥራውን ይሠራል።

"ምን እያልክ ነው?" አልኩት።

"ምንም ቲቸር፣ እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

ዝም አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ልጁ ያደረገው እኔ የጠየቅሁትን ነው። ቁጥር ጠየቅሁ፣ ቁጥር አመጣልኝ።

በማግስቱ ሠንጠረዡን ገንጥዬ አወረድኩት። ሐሙስ ለልጆቹ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ኡስታዝ አልተቆጡም። ቁጥሩም ቢሆን መሠረት እንዳለው አስረዱ። ከሶላት በኋላ ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 ተብሎ መቶኛው በ"ላ ኢላሀ ኢለላህ" እንደሚሞላ ሶሒህ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ሱብሃነላህ ምን ማለት ነው?"

ሳምንቱን ሙሉ በሺህ ሲቆጥሩት ከነበሩት ልጆች እጅ ያወጡት ሦስት ናቸው። አንደኛው "ደስ የሚል ነገር ሲታይ የሚባል" አለ። ትርጉሙ አላህ ከጉድለት ሁሉ የጠራ ነው ማለት መሆኑን ሲሰማ አንድ ልጅ "እና እስካሁን ምን እያልኩ ነበር?" አለ። የክበቡ ሥራ የተጀመረው በዚያ ጥያቄ ይመስለኛል።

ታኅሣሥን በቃላት አሳለፍነው። ዙሪያችንን ስናይ የአላህ ስም ከአፋችን ጠፍቶ አያውቅም። ወላሂ፣ ኢንሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ያ ረቢ፤ ካፌውም ሜዳውም በዚህ የተሞላ ነው። ልባችን ብቻ እዚያ የለም። ከወላሂ ጀመርን። ሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ ልብ ሳያስብበት ከአፍ ባመለጠ መሐላ አላህ እንደማይዝ ይናገርና ወረድ ብሎ "መሐላዎቻችሁንም ጠብቁ" ይላል። ይቅርታው እንዳለ ሆኖ ጠብቁም ተብለናል። ቀለበቶቹን ከሳጥን አወጣንና ለአንድ ሳምንት ሳያስቡ ወላሂ ባሉ ቁጥር እንዲጫኑ ተስማማን። አንዲት ልጅ ገና ምሳ ሳይደርስ እየሮጠች መጣች። "ቲቸር፣ ወላሂ 40 ደርሻለሁ!" አለችኝ። አፏን ያዘችና ቆማ ተጫነችው። 41።

የኢንሻአላህ ሳምንት ደግሞ በኔ ላይ ወጣ። ሱረቱል ካህፍ 23 እና 24 ላይ "አላህ ከሻ" ሳትል ነገ ይህን እሠራለሁ አትበል ተብሏል። ኢንሻአላህ የሚባለው ለመሥራት ቆርጦ፣ መፈጸሙን ለአላህ ለመስጠት ነው። ልጆቹ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ያረሙትን ፈተና መቼ ይመልሱልናል ስንል ነገ ኢንሻአላህ ካሉን ስምንት ቀን ሆነ።" ምን ልበል? በማግስቱ መለስኩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ሳርም ነበር።

በዚያው ሰሞን ዚክር በጣት ይቆጠር ወይስ በሙሰብሃ (በመቁጠሪያ ዶቃ) የሚል ክርክር ተነስቶ አንድ ሙሉ ሐሙስ በላብን። ኡስታዝ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልማድ በጣት መቁጠር እንደነበር፣ ሙሰብሃን ለማስታወሻነት የፈቀዱ ብዙ ዑለማዎች መኖራቸውን ነግረው ዘጉት። ይበቃል።

የዓመቱ ትልቅ እንግዳችን ጥር ላይ መጡ። የአንድ ልጅ አያት ናቸው፣ ከወሎ፣ ከደሴ በኩል። የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነው ይዟቸው ብቅ ያለው። መድረክ ላይ ይቀመጡ ብንል እምቢ አሉ። ልጆቹ መሐል ወንበር ሳቡና "አብሽሩ ልጆቼ፣ ምን ላድርግላችሁ?" አሉ። አንዷ ጠየቀች። "እማማ፣ በቀን ስንት ጊዜ ዚክር ያደርጋሉ?"

በደንብ ያልሰሙ መስለው አዩዋት። "እኔ እንጃ ልጄ። ጨው ሳነሳ ቢስሚላህ እላለሁ። እሳት ስጭር እላለሁ። በር ስከፍት እላለሁ። ስንት ጊዜ ጨው አነሳሁ? ማን ይቆጥረዋል?"

ከዚያ ሳያስቡት እጃቸው አሳየን። ሦስቱን ጣቶች ሰብሰብ አድርገው ጨው እንደያዙ ከማይታይ ድስት በላይ አነሱ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው ጣቶቹ የተፈቱት። ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ በበኩሌ እጄ ቆሞ ቢስሚላህ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። እየጎረስኩ ነው የምለው። ልጆቹም ያንን ቆም ማለት አይተውታል፣ ወዲያው ስም አወጡለት። "የጨው ፋታ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ አባል የራሱን "ጨው" መረጠ። አንድ ብቻ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው ነው ማለታቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፋለች፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንዷ ስልኳን ከመክፈቷ በፊት ያለችውን ቅጽበት ወሰደች፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍተው ያኔ ነው የገባት። ያ ባለ 11,400ው ልጅ ጫማ ማሰርን መረጠ። ሁሌ ስለሚያረፍድ ጫማውን የሚያስረው እየሮጠ ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ ያስራል። ማርፈዱ ግን አልቀረም።

ሌላው ታክሲ መረጠ። ሲሳፈሩ የሚባለውን ዱዓ፣ "ሱብሃነለዚ ሰኽኸረ ለና ሃዛ" የሚለውን፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ በለሆሳስ ሲል ረዳቱ "ምን አልክ? ወራጅ ነህ እንዴ?" ብሎ አስቆመበት። ዱዓው ይህን ያገራልን ጥራት ይገባው፣ እኛ በራሳችን አንችለውም ነበር፣ ወደ ጌታችንም ተመላሾች ነን ይላል። "ቲቸር፣ ሾፌሩ አነዳዱ ወደ ጌታችን ተመላሾች የሚለውን በደንብ ያስታውሳል" አለኝ።

ረመዳን የካቲት 22 ገባ። በዚህ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቶ ነበር፣ በአምስት ቀን ልዩነት። የግቢያችን ዘበኛ ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ "ጋሼ፣ ጾሙ እንዴት ነው?" ይሏቸዋል። ቆም ይሉና፣ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጉና፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሐሙስ ዕለት "ይሄ እኮ አልሐምዱሊላህ ማለት ነው። ጋሼም ዚክር እያደረጉ ነው ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ በፍጥነት ወደ ኡስታዝ ጠቆምኩ። ኡስታዝ ሳቁ። "ጥያቄውን በኋላ እናየዋለን። አሁን አልሐምዱሊላህ ስትሉ እንደሳቸው ቆም ብላችሁ በሉ" አሉ።

በረመዳን የክበቡ ሰው ከ41 ወደ 70 ተጠጋ፣ ክፍል ጠበበን። ይህን እንደ ስኬት ልጽፈው አስቤ ነበር። ከዒድ በኋላ፣ ከመጋቢት 21 በኋላ ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ሐሙስ 18 ልጆች መጡ። ከነሱ አንዷ፣ ያቺ ጥቅምት ላይ ስለ ጫማው የነገረችኝ ልጅ፣ ራሷን ዴስክ ላይ አስደግፋ "ረመዳን ላይ የነበረችው እኔ የት ሄደች?" አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተናገሩ። የሱብሂ (የንጋት) ሶላት እያመለጠው ያለ አለ። ቁርኣኑን ከዒድ ወዲህ ያልከፈተ አለ።

ኡስታዝ የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ የሐንዘላን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያመጡት ያኔ ነው። ሐንዘላ "ሙናፊቅ (አስመሳይ) ሆንኩ" እያለ ሲሄድ አቡበክር (ረ.ዐ.) ያገኘዋል። ምን ሆነህ ሲለው፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ስንሆን ጀነትና ጀሀነምን በዓይናችን የምናይ ያህል ነው፣ ወደ ሚስትና ልጆቻችን፣ ወደ ሥራችን ስንመለስ ብዙውን እንረሳለን ይለዋል። አቡበክርም "እኔም እንደዚያው ነኝ" ይላል። አብረው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይሄዳሉ። የነብዩ መልስ፣ እኔ ዘንድ እንዳላችሁት ሁልጊዜ ብትሆኑ መላእክት በየመኝታችሁና በየመንገዳችሁ በጨበጧችሁ ነበር፣ ነገር ግን ሐንዘላ ሆይ፣ ሰዓት አለ፣ ሰዓትም አለ (ለዚያም ለዚህም ጊዜ አለው) የሚል ነበር። ሶሒህ ሙስሊም ውስጥ ያለ ሐዲስ ነው።

ልጅቱን ያጽናናት የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአቡበክር ቃል ነው። "እሱም እንደዚያው ነኝ አለ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ኢማን (እምነት) ይጨምራል፣ ይቀንሳል የሚለውን በክፍል ተምራዋለች፣ ለፈተናም ጽፋዋለች። በራሷ ላይ ስታየው ግን ያለቀላት መስሏት ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ርእስ ብቻ ነው በደንብ የሄድንበት። የፋጢማ (ረ.ዐ.) ተስቢህ፣ ማለትም ከመኝታ በፊት የሚባለው ውዳሴ። ያነሱት ሴቶቹ ናቸው፣ ከትምህርት መልስ የቤት ሥራው እነሱ ላይ ስለሚወድቅ። ፋጢማ በድንጋይ ወፍጮ እየፈጨች እጇ ተጎድቶ አባቷ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ አገልጋይ ልትጠይቅ ሄደች፣ አላገኘቻቸውም። ማታ እሷና ባሏ ዓሊይ (ረ.ዐ.) ከተኙ በኋላ ነብዩ መጡ። ሁለቱ ሊነሱ ሲሉ ባላችሁበት ሁኑ ብለው መሐላቸው ተቀመጡ። ዓሊይ የእግራቸው ቅዝቃዜ ደረቴ ላይ ተሰማኝ ይላል። ከጠየቃችሁኝ የሚሻል ልንገራችሁ ብለው ስትተኙ ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34 በሉ አሏቸው። ዓሊይ ከዚያ ወዲህ ትቼው አላውቅም ሲል፣ "የሲፊን ጦርነት ሌሊትም?" ተብሎ ተጠየቀ። "የሲፊን ሌሊትም" አለ።

ከወንዶቹ አንዱ "ስለዚህ ሴቶች ሲደክማቸው ተስቢህ ይበሉ ማለት ነው" ብሎ ሊያጠቃልል ሞከረ። ኡስታዝ ቀና ብለው አዩትና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ቤት ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ የተናገረችውን አስታወሱት። "አንተ ቤት ዕቃ የሚያጥበው ማን ነው?" ሲሉት ክፍሉ ከልጁ በፊት መለሰ። ሳምንቱን ዕቃ እያጠበ አልሐምዱሊላህ እንዲል ተፈረደበት። እናቱ ደውለው ምን እንዳደረግንባቸው ጠይቀውኛል፣ በደስታ ነው።

የመጨረሻው ሐሙስ ሰኔ ላይ 27 ልጆች ነበሩ። ፈተና ስለነበር አጭር ነበር። አያትየው ከደሴ ሰላምታ ልከውልናል፣ ከሰላምታው ጋር አንድ ፌስታል ቆሎ። ፌስታሉ ሲፈታ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። እጆች በአየር ላይ ነበሩ።

ለአስተዳደሩ ሪፖርት የሚሆን ነገር ከተፈለገ፦ 20 ዲጂታል ተስቢህ ተገዝቷል፣ አንዱ ጠፍቷል፣ አራቱ ባትሪያቸው አልቋል። ቀሪዎቹ ደህና ናቸው፣ ሒሳብ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። በመስከረም የምትፈልጉ ክበቦች ካላችሁ ጠይቁኝ።