ጥሪዬን ከእኔ በፊት ለሰማችሁ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነውብኝ ለቃሉ አገልግሎት ለይተውኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ መልሼ መደወል ስላልቻልኩ በዚህ ደብዳቤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበላችሁ።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬ ለጠራኝ ጌታ ነው። 11 ዓመት ታግሦኛል። በእነዚያ ዓመታት ጥሪው ጠፍቶብኝ አያውቅም። ጠዋት ለሥራ ስለባበስ ይመጣል፣ ማታ መብራት ሳጠፋ ይመጣል። እኔ ግን መልስ ነበረኝ፤ ምላሴ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ዘጸአት 4 ላይ ሙሴ «አፌ ኮልታፋ ምላሴም ጸያፍ» ሲል ሳነብ የእኔን ቃል የተናገረልኝ ይመስለኝ ነበር። እዚያው ላይ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር «የሰውን አፍ የፈጠረ ማን ነው?» እንደሚል አውቃለሁ። እሱን መስማት አልፈለግሁም። በዚያ ላይ ገና ወጣት ሳለሁ አንድ የማከብረው አገልጋይ «መድረክ ለአንተ አይሆንም» ብሎኝ ነበር። በክፋት አልነበረም፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ቃሉ ግን ለዓመታት አፌን ዘግቶት ኖሯል።

ስለ ሳሙኤል ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። እግዚአብሔር ሲጠራው ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ኤሊ ሮጠ። ድምፁን ሰምቷል፣ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ያወቀው ኤሊ ነው። ዓይኖቹ የፈዘዙ፣ ቤቱ የተበላሸበት፣ ልጆቹን መመለስ ያቃተው ሽማግሌ። እንዲህም ሆኖ «ሄደህ ተኛ፤ ቢጠራህም፦ አቤቱ፥ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር በለው» ያለው እሱ ነው። ኤሊ ባይኖር ሳሙኤል ያን ሌሊት ስንት ጊዜ ይመላለስ ነበር? ይህን የምጽፈው እኔም ኤሊዎች ስለነበሩኝ ነው። ጥሪዬን ከእኔ በፊት የሰማችሁ እናንተ ናችሁ።

እማማ፣ እርስዎ ቀዳሚ ነዎት። በየሳምንቱ ከጉባኤ ስንወጣ እጄን ይዘው «መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። ሌላ ቃል አይጨምሩም። አንዳንዴ እርስዎን ላለማግኘት በጎን በር እወጣ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለቤቴ፣ አንቺን በሰው ፊት ማመስገን እንደማትወጂ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ምሽት አልረሳውም። ሥራዬን ለመልቀቅ ሳመነታ ወረቀት አምጥተሽ ተቀመጥሽ። የቤታችንን ወጪ አንድ በአንድ ጻፍሽ። ሁለት መስመር ሰረዝሽ። ትንሽ አሰብሽና አንድ ደግሞ ጨመርሽ፤ የሰረዝሻቸው ሦስቱም ያንቺ ነበሩ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጠሽ «ይበቃናል፣ ሂድ» አልሽኝ። እኔ ለ11 ዓመት ያልወሰንኩትን አንቺ በአንድ ገጽ ወሰንሽው።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ እምነታችን የተለያየ ሆኖ ሳለ በስንብቴ ቀን ያላችሁኝ ቃል እስካሁን ልቤ ውስጥ አለ። አክባሪያችሁ ነኝ።

ሽማግሌዎቻችን፣ ስለ እናንተ እውነቱን ልናገር። በመጨረሻ «እሺ» ብዬ ስመጣ «ሁለት ዓመት እየተማርክና እያገለገልክ ቆይ» ስትሉኝ በጣም ከፍቶኝ ነበር። አሁን ይገባኛል። ጳውሎስ ጥሪው የመጣለት በደማስቆ መንገድ ላይ ነው። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ከበርናባስ ጋር የላኩት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ለጢሞቴዎስም «በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን» ብሎ የጻፈለት ራሱ ጳውሎስ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታመሙትን ስጠይቅ፣ ካዘኑት ጋር ስቀመጥ፣ አገልግሎት ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አጠገብ መሆን እንደሆነ አየሁ። ለዝምታ ደግሞ ምላስ አይቸግርም። ያቆያችሁኝ ለጥቅሜ ነበር፣ ተባረኩ።

እናንተ ጉባኤው ደግሞ! ስለ መጀመሪያው ስብከቴ ሳላነሳ ይህን ደብዳቤ መጨረስ አልችልም። ክፍሉ መዝሙር 23 ነበር። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተያዝኩ። እ… እ… አልወጣም። ጉሮሮዬ ተቆለፈ፣ እጄ መድረኩን ጨምቆ ያዘ። የሚንተባተብ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ሰው ከርኅራኄ የተነሳ ቃሉን ይጨርስልሃል፤ ቃልህም ከአፍህ ይወሰዳል። ያን ቀን መዝሙሩን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ማንም አልጨረሰልኝም። ማንም አልሳለም፣ አንገቱንም የደፋ አላየሁም። ጠበቃችሁኝ። ምን ያህል እንደቆየ እንጃ፣ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ወጣ፣ «አሜን» አላችሁ። ከአፌ ለወጣ ቃል እንደዚያ «አሜን» ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬም እንተባተባለሁ። ሙሴም በ80 ዓመቱ ፈርዖን ፊት ሲቆም የ83 ዓመቱ ወንድሙ አሮን አጠገቡ ነበር። የእኔ አሮን እናንተ ናችሁ።

እሁድ ዕለት ለምን እንዳለቀስኩ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በ391 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ ከተማ በሂፖ ሕዝቡ ይዞ ለቅስና ሲያቀርበው አልቅሷል። አንዳንዶች ከፍ ያለ ሹመት ፈልጎ የቀረበት መስሏቸው ሊያጽናኑት ሞከሩ። እሱ ግን ያለቀሰው ከፊቱ ያለው ኃላፊነት አስፈርቶት ነው። የእኔም ፍርሃት ነበረበት። ግን ሌላም ነገር አለ። ተንበርክኬ ሳለሁ ራሴ ላይ ካረፉት እጆች አንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማን እንደሆነ ቀና ሳልል አወቅሁት። ከታመሙ ወዲህ ከቤት የማይወጡት ጋሼ ነበሩ። ተደግፈው መጥተው ነው። ጋሼ፣ የእጅዎ ክብደት አሁንም ይሰማኛል። ጤናዎን ይመልስልዎ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እማማ አንድ ደብተር ሰጡኝ፤ የጸሎት ደብተራቸው ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። ስሜ ከ13 ዓመት በፊት ተጽፏል። ከሥሩ እጅ በተጫነብኝ እሁድ፣ በሚንቀጠቀጥ ፊደል «ተመስገን» የሚል ቃል ተጨምሯል። ከእኔ በታች ሌሎች ሰባት ስሞች አሉ። የአንዱ ትይዩ «እሱም እየሸሸ ነው» ይላል። ልጁን አውቀዋለሁ። ከጉባኤ ሲወጣ በጎን በር ነው የሚሄደው።

የሚቀጥለው እሁድ እዚያ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

ወንድማችሁ