ለመምህራኑ ፖድካስት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ትምህርት የሚወያዩባቸው ፖድካስቶች መብዛታቸው ደግ ነው። የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ሲቀረጽ ባዶው ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ንግግሩ ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃ መስቀልና ከተናጋሪዎቹ ጀርባ ፍራሽ ማቆም ብዙውን ያስተካክላል። ለየተናጋሪው አንድ ማይክ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን። ጠረጴዛ መሐል አንድ ብቻ ከተቀመጠ ከፕሮፌሰሩ ይልቅ የቡናው ስኒ ይሰማል!

ይዘቱም ማስረጃ ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሳይጠቅሱ «ትምህርት ወደቀ» ማለት የታክሲ ወሬ ነው።

ፋይሉ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢዘጋጅ የአንድ ሰዓት ውይይት 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በ128 ግን እጥፍ ዳታ ይበላል።

ከድምፅ ባለሙያዎች፣ ቱሉ ዲምቱ