ጣሪያው ሳይሠራ ክረምቱ እንዳያልቅብን

ውድ የክበባችን አባላት፣ ወላጆችና ወዳጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ለወደቀው የጀልባ ማቆያ ጣሪያችን ገንዘብ ስንጠይቅ ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ደጋግሞ እጅ መዘርጋት ለእኛም ይከብዳል። ዝም ብንል ግን የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ያለውን ሳናለባብስ እንነግራችኋለን።

ፎቶውን አብዛኞቻችሁ ግሩፑ ላይ አይታችሁታል። የጀልባ ማቆያ ሼዳችን ጣሪያ መሀል ለመሀል ተደርምሷል። ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ሲጥል ሰነበተ፣ በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ በላዩ ላይ ዝናብ ወረደበት። የጨረሰን ያ ዝናብ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ቀላል ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ብቻ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 90 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰው ቆሞበት እንዳደረ አስቡት። እንጨቱ አርጅቶ ስለነበር አልቻለም። ሌሊት በመሆኑ ማንም አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጠዋት በሩን ገፍተን ስንገባ መጀመሪያ ያየነው የአንዲት የልጆች ጀልባ አፍንጫ ነው፤ ከተጣመመ ቆርቆሮና ከበረዶ ክምር ሥር ብቅ ብሎ። ጎኗ ላይ ልጆቹ ባለፈው በጋ የቀቡት ቢጫ መስመር አለ። መስመሩ መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል።

ከጣሪያው ሥር ስድስት የልጆች ጀልባዎች ነበሩ። አራቱ ተሰንጥቀዋል፤ የሁለቱ የሸራ ምሰሶ ታጥፏል። ትልልቆቹ ጀልባዎች ጥግ ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል፤ አሁን ግን ላስቲክ ለብሰው ውጭ ናቸው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ተነስቶ ላስቲኩን ሊያስር ይሄዳል።

«ኢንሹራንስ የለም ወይ?» ላላችሁ፦ አለ፣ ግን የሚሸፍነው ጀልባዎቹን ነው። የልጆቹ ጀልባዎች መጠገኛ በከፊል ይመለስልናል። ሕንፃውን በውሉ ውስጥ አላስገባነውም። ይህ የኮሚቴው ስህተት ነው፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንዲገባ ተወስኗል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ጀልባ ውሃ ላይ እስኪወርድ ገና ወራት አሉ፣ ምን ያጣድፋችኋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጋ ላይ ብቻ የሚመጣ ሰው ክረምት ላይ የሚሠራውን አያይም። የጀልባ ክበብ በጋው የሚሠራው ክረምት ላይ ነው። ስንጥቅ የምንደፍንበት ኢፖክሲ ብርድ አይወድም። አብዛኛው ዓይነት ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም፤ ከላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፣ ጥፍር ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያ ማብራት ገንዘብን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። ስንጥቁም ቆሞ አይጠብቀንም። ውስጡ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀን ቀልጦ ሌሊት በረዶ በሆነ ቁጥር ስንጥቁን እየፈለቀቀ ይሄዳል። ዛሬ በግማሽ ቀን የሚደፈነው ከሁለት ወር በኋላ ጀልባዋን ያስጥለናል።

እነዚህ ጀልባዎች ለእኛ ተራ ዕቃ አይደሉም። የልጆቻችን ጀልባዎች ዓይነት ኦፕቲሚስት ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የነደፋት አሜሪካዊው ክላርክ ሚልስ ነው። በፍሎሪዳ ክሊርዋተር የሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ልጆች በቀላሉ ሊሠሯት የሚችሉ ርካሽ ጀልባ ፈልጎ ነው ወደ እሱ የሄደው። ርዝመቷ 2.3 ሜትር፣ ገላዋ ምሰሶና ሸራ ሳይጨመር 35 ኪሎ ነው። ሁለት ልጆች ተሸክመው ያወርዷታል፣ አንድ ልጅ ብቻውን ይነዳታል። እስከ 15 ዓመት ድረስ ይወዳደሩባታል። ከመነሻዋ ጀምሮ በማኅበረሰብ መዋጮ አስተሳሰብ የተወለደች ጀልባ ናት። የእኛም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከኮምፔርሳቶ ተቆርጠው የተሠሩት በወላጆች እጅ፣ በዚሁ ሼድ ውስጥ፣ በክረምት ቅዳሜዎች ነው። ያኔ መጋዝ የያዙት አባቶችና እናቶች ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የተረከብነው አደራ ይህ ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። ባለፈው ዓመት የሰበሰብነው የት ገባ፣ ለምን ጣሪያው ቀድሞ አልተሠራም የሚል ወሬ ደርሶናል። ከፊት ለፊት ብትጠይቁን እንመርጣለን፤ ደብተሩም ደረሰኙም አለ፣ ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል። ገንዘቡ የዋለው ለሁለት ነገር ነው፦ ለነፍስ አድን ጀልባው ሞተርና ለነፍስ አድን ጃኬት። ለዚህ ውሳኔ ዛሬም አንጸጸትም።

ምክንያቱን ላስረዳ። በየክረምቱ አንድ ምሽት ጃኬቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። በራሳቸው የሚነፉት ውስጣቸው ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር አለች፤ ክብደቷ በግራም ተቀርጾባታል። ፈትተን ሚዛን ላይ እናስቀምጣታለን፤ ከተጻፈው ካነሰች ጋዟ አምልጧል ማለት ነው። ከዚያ ጃኬቱን በአፍ ነፍተን እናሳድረዋለን፤ ጠዋት የተኮማተረው ይጣላል። ለዚህ ውሳኔ ባበቃን ምሽት ሦስት ሲሊንደሮች ክብደታቸው ጎድሎ ተገኘ። ከውጭ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። አንዲት እናት ከሦስቱ አንዱን ጃኬት አንስታ ቁጥሩን አየችና «ይሄማ የልጄ ነው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በበነጋታው ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ።

ቀዝቃዛ ውሃ ጊዜ አይሰጥም። የወደቀ ሰው የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ትንፋሹን ለመግዛት ይታገላል። ከዚያ እጅና እግሩ የሚታዘዝለት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከብርዱ የተነሳ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው፤ ያንን ሰዓት የሚያገኘው ግን የሚያንሳፍፈው ጃኬት ከለበሰ ነው። በጸደይ ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቢሞቅም ውሃው ገና ክረምት ላይ ነው። ጣሪያና ጃኬት ለምርጫ ቢቀርቡልን ነገም ጃኬቱን ነው የምንመርጠው።

ጣሪያው ስለወደቀ ሥራ አላቆምንም። ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት ትምህርቱ በተዋስነው ክፍል ውስጥ ቀጥሏል። ቋጠሮ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የአየር ሁኔታ ማንበብ ይሰጣል። የውድድር ሕጉንም እየከለስን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ስለሚታደስ አሁን የምንሠራው በ2025–2028ቱ ነው። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ የጠርሙስ ክዳን እንደ ጀልባ እያንቀሳቀሱ ይማራሉ፤ አንዱ ልጅ በወረቀት ነፋሱን ይመራል። ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመታው፣ በቀኝ ጎኑ ለሚመታው መንገድ ይለቃል። ሁለቱም በአንድ ጎን ከተመቱ ደግሞ ነፋሱ ወደሚመጣበት የቀረበው ነው የሚለቀው። የዘጠኝ ዓመት ልጆች ይህን ለወላጆቻቸው ሲያስረዱ ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። ግን ክዳን ሲገፉ ሊከርሙ አይችሉም። ጀልባቸውን በእጃቸው መፋቅ፣ መቀባት፣ ማሰር አለባቸው፤ የምሰሶውን ሽቦ በሶፍት ጠረግ አድርገው ሶፍቱ የተያዘበት ቦታ ላይ የተበጠሰ ክር እንዳለ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። እሱ የሚሆነው ሼድ ሲኖር ነው።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ከሚያስፈልገው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ተሰብስቧል። በእሱ ፍርስራሹ ተነስቷል፣ ግድግዳው በባለሙያ ተፈትሾ ደህና መሆኑ ተረጋግጧል፣ የዋናው ተሸካሚ እንጨት ክፍያ ተጠናቋል። እንጨቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ መጥታችሁ እዩት። አዲሱ ጣሪያ ከድሮው ይልቅ ቁልቁለቱ የበዛ ነው፤ በረዶው ተንሸራቶ እንዲወርድ። የቀረው ቆርቆሮው፣ ማያያዣ ብረቱና የአናጢዎቹ ክፍያ ነው። ካለፉት አምስት ሳምንታት ወዲህ ግን የገባው በጣም ጥቂት ነው። አናጢዎቹ ቀኑን ይዘውልናል፤ ቀሪውን ካላገኘን ቀኑን ለሌላ ሥራ ይሰጡታል፣ እኛም ከሰልፉ ኋላ እንሆናለን። ያ ማለት ልጆቹ ዘንድሮ በስድስት ጀልባ ፈንታ በሁለት ይጀምራሉ ማለት ነው።

የሰጣችሁትን አንዘነጋም። ብዙዎቻችሁ ሁለት ጊዜ ሰጥታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሦስተኛ ጊዜ ስጡ ብለን ለእናንተ አንጽፍም። የምንጽፈው «ነገ እልካለሁ» ብላችሁ ለረሳችሁት ነው፤ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። የምንጽፈው ልጆቻችሁ እዚህ ዋኝተው፣ ነድተው፣ አድገው ለሄዱላችሁም ነው። የእናንተ ልጅ ከውሃው የወጣው ሌላ ሰው ባዋጣው ጀልባ ነበር። የሰው ልጅን እንደ ራስ ልጅ ማየት በየትኛውም እምነት ዋጋ አለው። አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ ትንሹን ላኩ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ አንድ ቆርቆሮም ቆርቆሮ ነው።

አላላኩ እንዲህ ነው። የክበቡ የሂሳብ ቁጥር የአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለው ነው፣ አልተቀየረም። ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ሙሉ ስማችሁን ጻፉ። «ጣሪያ» የሚለው ካልተጻፈ ገንዘቡ ከአባልነት መዋጮ ጋር ይቀላቀልና ለመለየት እንቸገራለን፤ ባለፈው ወር ሰባት ሰው ላይ ይህ ደርሶ ገንዘብ ያዣችን እየደወለች ስትለይ ከርማለች። ካርድ የሌላችሁ ወዳጆች ገንዘብ ያዣችንን ጠይቁ፤ ቁጥሩን የምትሰጠው እሷ ብቻ ናት። በግል ስም የተከፈተ ሂሳብ ቢላክላችሁ የእኛ አይደለም፣ እባካችሁ አታስገቡ። በጥሬው የምትሰጡ ያለ ደረሰኝ አትስጡ። ደረሰኝ በሳምንት ውስጥ ካልደረሳችሁ አትተዉት፣ ጠይቁን። የገባውና የወጣው በየእሑዱ ማታ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ጉልበታችሁም ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የድሮውን ቆርቆሮ እየለየን ሚስማር እየነቀልን ነው። ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ ልጆች ግቢው ውስጥ እንጂ ሼዱ ሥር አይገቡም። መዶሻና መሰላል ያላችሁ ስማችሁን ጽፋችሁበት አምጡ።

እንደገና፦ የሂሳብ ቁጥሩ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ነው፣ ማስታወሻው «ጣሪያ» ከነሙሉ ስማችሁ። አናጢዎቹ መልስ የሚፈልጉት በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ላኩልን።

የክበቡ ኮሚቴ